ዙሪያ ገብ ድምፅ በጠባብ ሳሎን፦ ከመሣሪያው በፊት ክፍሉ

በደብረ ማርቆስ ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ ‹‹ሆም ቴአትር›› የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ትልልቅ ካርቶኖች ተደርድረው ማየቱ አይቀርም። በካርቶኑ ላይ አምስት ትንንሽ ስፒከሮችና አንድ የቤዝ ሣጥን ይታያሉ፤ ከሥራቸውም 1,500 ወይም 3,000 ዋት የሚል ቁጥር በደማቅ ቀለም ሰፍሯል። አንድ ደመወዝተኛ የወራት ቁጠባውን ከፍሎ ካርቶኑን ለበዓል ወደ ቤቱ ያስገባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚሰማው ስሞታ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ‹‹ሙዚቃው ቤቱን ያናውጠዋል፣ ንግግሩ ግን አይለይም›› ይባላል። ፊልም ሲታይ እናት ‹‹ምን አለ?›› እያሉ ይጠይቃሉ፤ ልጅ ድምፁን ይጨምራል፤ ወዲያው የተኩስ ትዕይንት ይመጣና ሁሉም ‹‹ቀንሰው!›› ይላል።

እንዲህ ሲሆን ጥፋተኛ ተደርጎ የሚቆጠረው መሣሪያው ነው፤ ‹‹ኦሪጅናል አይደለም›› ይባላል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ወርዱም ቁመቱም አራት ሜትር በማይሞላ ሳሎን ውስጥ፣ ወደ ጆሮአችን ከሚደርሰው ድምፅ የሚበዛው ከስፒከሩ በቀጥታ የሚመጣው ሳይሆን ከግድግዳ፣ ከወለልና ከኮርኒስ ተንጸባርቆ የሚመጣው ነው። ስለሆነም ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ ክፍሉን ማወቅ ይጠቅማል። ለዚህም ሜትር፣ ገመድ፣ የእጅ መስተዋትና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የሞገድ ትምህርት ይበቃሉ። በዚህ ጽሑፍ ‹‹ሰራውንድ›› የሚባለውን፣ እኛም ዙሪያ ገብ ድምፅ የምንለውን አሠራር በአነስተኛ ወጪ እንዴት ማደራጀት እንደሚቻል ከነምክንያቱ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በካርቶኑ ላይ ያለው ዋት

በቅድሚያ ስለ ቁጥሩ ጥቂት እንበል። አንባቢው ከመሣሪያው ጀርባ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ቢያነብ፣ መሣሪያው ከ220 ቮልት መስመር የሚወስደው 60 ወይም 80 ዋት ብቻ መሆኑን ሊያገኝ ይችላል። ኃይል ከምንም አይፈጠርምና ከግድግዳው 60 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ሳያቋርጥ 3,000 ዋት ሊሰጥ አይችልም። በካርቶኑ ላይ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. በሚል አህጽሮት የሚጻፈው ቁጥር ወጥ የሆነ የመለኪያ ደንብ የሌለው፣ ሻጭን እንጂ ገዢን የማይጠቅም ቁጥር ነው። መታየት ያለበት የጀርባው ጽሑፍ ነው።

ደግነቱ፣ ለጠባብ ክፍል ብዙ ዋት አያስፈልግም። አንድ መካከለኛ የቤት ስፒከር 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ 86 ዴሲቤል ያህል ያሰማል። ሰው በተለመደ ሁኔታ ሲነጋገር በዚያው ርቀት የሚለካው 60 ዴሲቤል ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። ኃይሉ በ10 እጥፍ ሲያድግ መጠኑ በ10 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ጆሮ ግን ይህን የሚሰማው እጥፍ ያህል እንደ ጎላ ብቻ ነው። 20 ዋት የሚሰጥ መሣሪያ 40 ዋት በሚሰጥ ቢተካ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ነው፤ ይህም ጎን ለጎን ካልተወዳደረ በቀላሉ የማይታወቅ ነው። በእያንዳንዱ መስመር ከ10 እስከ 20 እውነተኛ ዋት ያለው መሣሪያ ለሳሎን ይበቃል፤ ይተርፋልም።

ጆሮ አቅጣጫን የሚያውቅበት መንገድ

ዙሪያ ገብ ድምፅ በስፒከር ብዛት የሚገኝ ሳይሆን በሁለት ጆሮ ላይ የሚሠራ ጥበብ ነው። በሁለቱ ጆሮዎቻችን መካከል ያለው ርቀት 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የአየሩ ሙቀት 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ይኸውም ለደብረ ማርቆስ የተለመደ ሙቀት ነው፣ ድምፅ በሰከንድ 341 ሜትር ይጓዛል። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮን ከመታ በኋላ ጭንቅላትን ዞሮ ግራ ጆሮ እስኪደርስ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል። አእምሮ ይህችን ቅጽበት ይለካል፤ የአንድ ሚሊ ሰከንድ አንድ መቶኛ የምትሆን ልዩነት እንኳ አታመልጠውም። ድምፁ ቀጭን ሲሆን ደግሞ ጭንቅላት የሚጥለውን ‹‹የድምፅ ጥላ›› ማለትም በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለውን የጉላት ልዩነት ይጠቀማል። ይህን የሁለት መንገድ ማብራሪያ እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1907 አሳትሞታል።

በጣም ወፍራም በሆነ ድምፅ ግን ሁለቱም መንገዶች ይደክማሉ። በሰከንድ 80 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ማለትም የ80 ሄርዝ ድምፅ፣ የሞገድ ርዝመቱ 4.3 ሜትር ነው። ይህ ከሳሎኑ ራሱ ይበልጣል፤ የሰው ጭንቅላትማ ለእንዲህ ያለ ሞገድ እንደሌለ የሚቆጠር ነው። የቤዝ ሣጥን አንድ ብቻ ሆና የምትበቃው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጆሮ ያለችበትን ቦታ አያውቅም። የትም ብትቀመጥ ያው ነው ማለት ግን አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለሥራችን መሠረት የሚሆን አንድ ሌላ ነገር አለ። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ እንዳሳየው፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት ቦታ ከ5 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ በሆነ ልዩነት ቢደርስ ጆሮ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሰማል፤ አቅጣጫውንም ለቀደመው ይሰጣል። የዘገየው በ10 ዴሲቤል ቢጎላ እንኳ ቀዳሚው አይሸነፍም። ከኋላ ያለ ስፒከር ወደ ጆሮአችን ቀድሞ ከደረሰ ተዋናዩ ከበስተጀርባችን የሚናገር የሚመስለን ለዚህ ነው።

በዜማ የመከበብን ነገር ለመረዳት ከአገራችን መውጣት አያሻም። በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ረድፍ ሠርተው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚባሉት ማዕረጎች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አቋቋም ነው። ዜማው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ በመካከል የቆመ ሰው ዙሪያውን በድምፅ ይከበባል። በጣልያን አገር በቬኒስ በሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያንም በ16ኛው መቶ ዘመን መዘምራንን በተለያየ ስፍራ አቁሞ ማዘመር የተለመደ ነበር፤ ጆቫኒ ጋብርኤሊ የሚባለው የዜማ ሊቅ የታወቀው በዚህ ዓይነት ድርሰቱ ነው። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማችን ስሟን የወሰደችው ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

የኤሌክትሪክ ድምፅ ወደዚህ ሐሳብ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ስለ ሁለት መስመር ድምፅ የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ። ለሐሳቡ መነሻ የሆነው ሲኒማ ቤት ውስጥ ተዋናዩ ከሸራው ዳር እስከ ዳር ሲሄድ ድምፁ ግን ከአንድ ቦታ ብቻ መውጣቱ እንደ ነበረ ይነገራል። ዋልት ዲስኒ በ1940 ያወጣው ‹‹ፋንታዚያ›› በአንዳንድ አዳራሾች ከፊትም ከጎንም በተተከሉ ስፒከሮች ታይቷል። ዛሬ በካርቶኑ ላይ 5.1 ተብሎ የሚጻፈው አሠራር በዲጂታል መልክ ወደ ሲኒማ ቤቶች በስፋት መግባት የጀመረው በ1992 ‹‹ባትማን ሪተርንስ›› ከተባለው ፊልም ወዲህ ነው። አምስቱ ሙሉ መስመሮች ሲሆኑ፣ ነጥብ አንድ የተባለችው ከ120 ሄርዝ በታች ያለውን ብቻ የምትሸከም የቤዝ መስመር ናት።

በገመድ የሚሠራ አቀማመጥ

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ የአምስቱን ስፒከሮች ቦታ በማዕዘን ይወስናል። አንዱ በቀጥታ ከፊት ይሆናል፤ ሁለቱ ከፊት በ30 ዲግሪ በግራና በቀኝ፣ የኋላዎቹ ሁለቱ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ቦታ ይቀመጣሉ። ሠላሳ ዲግሪን ያለ ማዕዘን መለኪያ ማግኘት ቀላል ነው። እኩል ሦስት ክፍል የተደረገ ገመድ ወስዶ በሦስት ሰው ወጠር ቢያደርጉት እኩል ጎኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን ይሆናል። አድማጩ አንደኛውን ጫፍ ሲይዝ፣ ሁለቱ የፊት ስፒከሮች በቀሩት ጫፎች ላይ ይውላሉ። በአጭሩ፣ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ከአድማጩ ካለው ርቀት ጋር እኩል ይሁን ማለት ነው። ከጆሮ ከፍታ ጋር ቢስተካከሉ ደግሞ ይመረጣል።

ከእኛ አገር ሳሎን ጋር ሲገናኝ ግን ይህ ሥርዓት ችግር ይገጥመዋል። ሶፋዎቻችን በሦስት ግድግዳ ዙሪያ ተደርድረው፣ መሐሉ ለቡና ረከቦትና ለእንግዳ መተላለፊያ ይለቀቃል። ዋናው ተመልካች ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ ስለሚቀመጥ ‹‹ኋላ›› የሚባል ቦታ የለውም። ብዙዎች በዚህ ጊዜ አምስቱንም ስፒከሮች ቡፌው ላይ ይደረድሯቸዋል፤ አንዳንዶችም ቡፌው ውስጥ፣ ከመስተዋቱ በስተኋላ፣ ከብርጭቆዎች ጋር ያስቀምጧቸዋል። ይህ ስድስት ስፒከር ገዝቶ እንደ አንድ መጠቀም ነው፤ ብርጭቆውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እኛ የምንመክረው የኋላዎቹን ሁለት ስፒከሮች በጎን ግድግዳዎች ላይ፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ፣ ከወለል 1.8 ወይም 2 ሜትር ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። ወደ አድማጩ ሳይሆን ወደ ትይዩው ግድግዳ ወይም ወደ ኮርኒሱ ማዞርም መልካም ነው፤ ድምፃቸው ተንጸባርቆ ሲመጣ መንገዱ ስለሚረዝም ይዘገያል፤ ሃስ የነገረንን ቅደም ተከተልም ይጠብቃል። የፊቱ ስፒከር ከአድማጩ 2.5 ሜትር፣ የጎኑ 1.2 ሜትር ቢርቁ የጎኑ በ3.8 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ይደርሳልና። መሣሪያው የማዘግየት ማስተካከያ ካለው ይህንኑ ቁጥር መሙላት ይቻላል።

በእንዲህ ያለ ሳሎን ውስጥ ከሁሉም የሚበልጠው የመካከለኛው ስፒከር ነው። በጎን ሶፋ የተቀመጠ እንግዳ ከሁለቱ የፊት ስፒከሮች ለአንደኛው ይቀርባል፤ ድምፁ ሁሉ ከእርሱ የሚወጣ ይመስለዋል። መካከለኛው ስፒከር ቴሌቪዥኑ ሥር ወይም ላይ ሲቀመጥ ግን ንግግሩን ለሁሉም ከሥዕሉ ጋር ያስተሳስረዋል። በ5.1 ፊልሞች ንግግር በአብዛኛው በዚህ መስመር ስለሚቀረጽ፣ ‹‹ንግግሩ አይሰማም›› ለሚል ቤት የመጀመሪያው መድኃኒት የዚህን መስመር መጠን ብቻውን 3 ወይም 4 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ነው። በላዩ የተጣለው ላስቲክም ይነሣ። ዳንቴሉ ቀዳዳ ስላለው ብዙም አይጎዳም።

‹‹መታ›› እና ‹‹መጣ›› የማይለዩበት ቤት

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። በ1895 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዋላስ ሴቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር አንድ ችግር እንዲፈታ ተጠየቀ፤ በፎግ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው አዲስ የትምህርት አዳራሽ በማስተጋባቱ የተነሣ የመምህሩ ንግግር አይሰማም ነበር። ሴቢን ውድ መሣሪያ አልነበረውም። የኦርጋን ቧንቧ፣ የሰዓት መለኪያና የራሱ ጆሮ ብቻ ነበሩት። ሌሊት ሌሊት ከሳንደርስ ቴአትር የመቀመጫ ትራስ እያስመጣ አዳራሹ ውስጥ ይደረድርና፣ ቧንቧው ከቆመ በኋላ ድምፁ እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ይለካ ነበር። በባዶው አዳራሽ ድምፁ ከ5 ሰከንድ በላይ ይቆይ ነበር። ከዓመታት ልፋት በኋላ ያገኘው ሕግ እጅግ ቀላል ነው፤ የማስተጋቢያው ጊዜ በሰከንድ፣ 0.161 በክፍሉ ይዘት በኪዩቢክ ሜትር ተባዝቶ ለክፍሉ ጠቅላላ የመምጠጥ አቅም ሲካፈል የሚገኘው ነው። የማስተጋቢያ ጊዜ ስንል ድምፅ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ የሚወስደው ጊዜ ማለታችን ነው።

ይህን በራሳችን ሳሎን እንሞክረው። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3.5፣ ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ የተለሰነ ክፍል እንውሰድ። ይዘቱ 36.4 ኪዩቢክ ሜትር፣ የስድስቱ ገጾች ስፋት 67 ካሬ ሜትር ነው። የተለሰነና ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ ከሚደርሰው ድምፅ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመጥጣል፤ በጠቅላላው 2 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ስሌቱ 2.9 ሰከንድ ይሰጠናል። ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃና አራት ሰዎች ሲገቡበት የመምጠጥ አቅሙ ወደ 10 ካሬ ሜትር ሊያድግ፣ ጊዜውም ወደ 0.6 ሰከንድ ሊወርድ ይችላል።

ይህ ልዩነት ለአማርኛ ተናጋሪ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይገባል። ቋንቋችን ‹‹መታ›› እና ‹‹መጣ››ን፣ ‹‹ድል›› እና ‹‹ጥል››ን የሚለየው በአንድ ተነባቢ ፍንዳታ ብቻ ነው። ይህ ፍንዳታ እጅግ አጭር ሲሆን ዋና ምልክቱም ከ2,000 ሄርዝ በላይ ባለው ቀጭን ድምፅ ውስጥ ይገኛል። ‹‹አለ›› የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር ‹‹ተናገረ››፣ ጠብቆ ሲነገር ደግሞ ‹‹ይገኛል›› ይሆናል፤ ‹‹ገና››ም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የተነባቢው ቆይታ ነው፤ እንደ ‹‹ተ›› እና ‹‹ጠ›› ባሉት ዘንድ ደግሞ ይህ ቆይታ አጭር ዝምታ ነው። በ2.9 ሰከንድ ክፍል ውስጥ የቀደመው አናባቢ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ የሚቀንሰው 2 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ዝምታውን ይሞላዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም ተነባቢ ይሸፍነዋል። በ0.6 ሰከንድ ክፍል ግን በዚያው ጊዜ 10 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ተነባቢውም ብቅ ይላል። ድምፁን መጨመር አናባቢውንም ተነባቢውንም እኩል ስለሚያጎላ ምንም አይፈይድም። የእናት ‹‹ምን አለ?›› ጥያቄ ከጆሮ ድካም የተነሣ ላይሆን ይችላል። ሰምና ወርቅ በማጥበቅና በማላላት በሚመላለስበት በቅኔ አገር ይህ ነገር ችላ የሚባል አይመስለንም።

መፍትሔው ከቤት ይገኛል። የሴቢን ትራስ የሠራውን ሥራ ጋቢ፣ ባናና አጎዛ ይሠራሉ። ሆኖም ጋቢ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲሰቀል ጥቅሙ ያንሳል። ግድግዳው ዘንድ የአየሩ እንቅስቃሴ ዜሮ ስለሆነ ጨርቁ የሚያቆመው ነገር አያገኝም፤ እንቅስቃሴው የሚበረታው ከግድግዳው የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ ያህል በራቀ ቦታ ነው። ለ1,000 ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 34 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ጋቢው ከግድግዳው 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ በእንጨት ላይ ቢሰቀል ይመረጣል። የሚሰቀልበትን ቦታ መስተዋት ይነግረናል። አድማጩ ቦታው ላይ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው መስተዋቱን በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ፤ ስፒከሩ በመስተዋቱ ውስጥ የታየበት ነጥብ ድምፁ መጀመሪያ የሚንጸባረቅበት ነጥብ ነው። የመግቢያና የመንጸባረቂያ ማዕዘን እኩልነት ለብርሃንም ለድምፅም አንድ ነውና።

በየቦታው የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶን ከዚህ ሁሉ ጋር አይወዳደርም። ቀጭንና ቀላል ስለሆነ የሚነካው በጣም ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ሁሉንም ግድግዳ በጨርቅ መሸፈንም አያስፈልግም። ለትምህርት ውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ ምንም በማያስተጋባ የምርምር ክፍል ውስጥ ገብተን ነበር፤ እዚያ ንግግር ፊደል በፊደል ይለያል፣ ሙዚቃ ግን ነፍሱ የወጣች ይመስላል።

ለቤዝ ጋቢም አጎዛም አቅም የላቸውም። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል የግማሽ ሞገድ ርዝመት ልክ ሲገጥም ቋሚ ሞገድ ይፈጠራል። በምሳሌያችን ክፍል ይህ በ43፣ በ49 እና በ66 ሄርዝ ገደማ ይሆናል። ክፍሉ አራት በአራት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ 43 ላይ ይደራረቡና አንዲት የቤዝ ድምፅ ብቻ ለይታ ታገሳ ነበር። ቋሚ ሞገድ በግድግዳው ጥግ ስለሚበረታ፣ የቤዝ ሣጥን በማዕዘን መቀመጧ ጩኸቱን ያብሰዋል፤ ብዙ ቤት ግን ‹‹ከመንገድ እንድትወጣ›› ተብሎ የምትቀመጠው እዚያው ነው። የተሻለ ቦታ ለማግኘት አንድ ደስ የሚል ዘዴ አለ። የቤዝ ሣጥኗን ሶፋው ላይ፣ በአድማጩ ቦታ አስቀምጦ ሙዚቃ መክፈትና ራስን ዝቅ አድርጎ በክፍሉ ዙሪያ መዞር ነው። ቤዙ ጥርት ብሎና ሳያገሳ የተሰማበት ቦታ የሣጥኗ ቦታ ይሆናል፤ የድምፅ ምንጭና አድማጭ ቦታ ቢለዋወጡ የሚሰማው ያው ነውና።

የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው የጭቃ ቤት በዚህ ረገድ ከአዲሱ የሲሚንቶ ቤት ይሻላል። ወፍራሙ ድምፅ በጨርቁ አልፎ ወደ ቆርቆሮው ሥር ስለሚገባ እንደ ሲሚንቶ ሣጥን አይታፈንም። ‹‹ድሮ ቤት ሬድዮው ጥሩ ነበር›› የሚሉ ሽማግሌዎች ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አንልም።

ሁለት አሮጌ ስፒከርና ጥቂት ሽቦ

የ5.1 መሣሪያ ለመግዛት አቅም ለሌለው፣ በተለይም ለተማሪ፣ አሜሪካዊው መሐንዲስ ዴቪድ ሃፍለር በ1970 ገደማ ያስተዋወቀው ዘዴ አለ። የሚፈልገው ባለ ሁለት መስመር ማጉያ፣ የተለመዱት ሁለት ስፒከሮችና ከአሮጌ ቴፕ የተፈቱ ሁለት ተጨማሪ ስፒከሮች ብቻ ናቸው። ከዲሽና ከስልክ የምናገኘው ድምፅ በአብዛኛው ባለ ሁለት መስመር ስለሆነ ለዚህ ይስማማል።

የፊት ስፒከሮች እንደ ወትሮው ይያያዛሉ። ከማጉያው የግራ መስመር ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ሽቦ ተነሥቶ ወደ ግራው የኋላ ስፒከር ፖዘቲቭ ይሄዳል፤ የዚህ ስፒከር ኔጋቲቭ ከቀኙ የኋላ ስፒከር ኔጋቲቭ ጋር ይያያዛል፤ የቀኙ ፖዘቲቭ ደግሞ ወደ ማጉያው የቀኝ መስመር ፖዘቲቭ ይመለሳል። ከማጉያው ኔጋቲቭ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። እንግዲህ የኋላዎቹ ስፒከሮች የሚያገኙት ቮልቴጅ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። የዜና አንባቢ ድምፅ በሁለቱም መስመሮች እኩል ስለሚቀረጽ ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ ከኋላ አይሰማም። የአዳራሽ ማስተጋባት፣ የሕዝብ ጭብጨባና የዝናብ ድምፅ ግን በሁለቱ መስመሮች ስለሚለያዩ ከኋላ ይወጣሉ። መቀነስ የሚባለውን የሒሳብ ሥራ ሁለት ሽቦ ሠራው ማለት ነው። ማጉያውን ወደ ሞኖ ሲቀይሩት የኋላዎቹ ጸጥ ካሉ ማያያዣው ትክክል ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው የመቋቋም ስሌት ነው። አራቱም ስፒከሮች 8 ኦም ቢሆኑ የኋላዎቹ በተከታታይ 16 ኦም ይሆናሉ። ሁለቱ መስመሮች ተቃራኒ በሚሆኑበት ቅጽበት እያንዳንዱ መስመር የኋላዎቹን እንደ 8 ኦም ያያቸዋል፤ ከፊተኛው 8 ኦም ጋር በትይዩ ሲደመር 4 ኦም ይሆናል። ስለዚህ ማጉያው 4 ኦም የሚችል መሆኑ በጀርባው መጻፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በተጨማሪም መሣሪያው ከመብራት ከተነቀለና ስፒከሮቹ ከተፈቱ በኋላ በሁለቱ ኔጋቲቭ ጫፎች መካከል ያለው መቋቋም በመልቲሜትር ይለካ። ዜሮ ካልተጠጋ ኔጋቲቮቹ የጋራ አይደሉም ማለት ነውና በዚያ ማጉያ ላይ ይህን ዘዴ መሞከር አይገባም። አንዳንድ የመኪና ማጉያዎችና አዳዲስ ትንንሽ ማጉያዎች እንዲህ ያሉ ናቸው።

ከፍታችንና ክረምታችን

ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ ‹‹በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ ቀስ ብሎ ይሄዳል?›› ብለው ይጠይቁናል። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በአየር ግፊት አይደለም፤ ግፊቱ ሲቀንስ የአየሩ እፍግታም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ይጣጣላሉ። 5 ዲግሪ በሆነ የጮቄ ማለዳ ድምፅ በሰከንድ 334 ሜትር፣ 30 ዲግሪ በሆነ የዓባይ በረሃ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 349 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ምክንያቱ ብርዱና ሙቀቱ ነው።

ስስ አየር በሌላ መንገድ ግን ይነካናል። 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የስፒከሩ ወረቀት በእኩል መጠን ቢርገበገብም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ድምፁ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ያንሳል። ይህን ለማካካስ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል። ስስ አየር ሙቀትንም በዝግታ ስለሚወስድ ማጉያውን በጨርቅ መሸፈን ወይም ቡፌ ውስጥ መዝጋት እዚህ ከቆላ ይልቅ ይጎዳዋል። በተረፈ ለመብራት መዋዠቅ ስታብላይዘር ማድረግ ከማንኛውም ተጨማሪ ስፒከር የሚቀድም ወጪ ነው።

የማይሸነፈው ጠላት የክረምቱ ዝናብ ነው። ቆርቆሮ ሲመታ የሚወጣው ጩኸት ድግግሞሹ ሰፊ ስለሆነ በተለይ ተነባቢዎቹን ይሸፍናል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍታል። የሚያተርፈው ጎረቤቱን መቀስቀስ ነው፤ ቤዙ ግድግዳውን አልፎ ሲሄድ ንግግሩ ግን እዚያው ዝናብ ውስጥ ይቀራል። ከኮርኒሱ በላይ ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ የደረደሩ ቤቶች አሉ፤ ድምፁን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ጭድ እሳት ይወዳልና የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት ኮርኒስ ላይ አንመክረውም። ዶፉ ሲወርድ የቤዝ ሣጥኗን አጥፍቶ የመካከለኛውን ስፒከር ብቻ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ሶፋውን ወደ ቴሌቪዥኑ ማስጠጋት ይሻላል። ከ3 ሜትር ወደ 1.5 ሜትር መቅረብ በቀጥታ የሚደርሰውን ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያጎላዋል፤ ይህም አራት እጥፍ ዋት ከመግዛት ጋር እኩል ነው።